የዋልያስ ወዳጆች ይጠይቃሉ፤ ካሴቱ ለምን ታፈነ?

የዚህን ዕትም ገጽ ለሐዋሳ አንባቢዎች ለቀናል። ስለ ዋልያስ ባንድ ከደረሱን ጥያቄዎች ግማሹ የሙዚቃ ነው፤ ግማሹ ደግሞ የካቻቪቴ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል፤ ሸክላዎቹም ሆኑ ድጋሚ ኅትመቶቹ የሚጠሩት በዚያው ነውና።

ጥያቄ፦ ዋልያስና አይቤክስ አንድ ባንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ቤት ውስጥ ክርክር ተነስቷል። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሁለት ናቸው። ጠቡን ያመጣው ስሙ ነው፤ አይቤክስ ያው በፈረንጅ አፍ የዋልያ ዘመድ ነው። ዋልያስ የሂልተን ሆቴል ባንድ ነበር፣ አይቤክስ የራስ ሆቴል። አይቤክስ ኋላ ስሙን ቀይሮ ሮሃ ሆነ። የማሕሙድ አሕመድን “ኧረ መላ መላ” በ1975 ያጀበው አይቤክስ ሲሆን ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩን ሰላም ስዩም ይዘውታል። “ቼ በለው” ግን የዋልያስ ነው። በሱ ላይ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን ጊታር፣ መላከ ገብሬ ቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ ድራም ይጫወታሉ።

ልባሱ የጠፋ፣ ጽሑፉ የለቀቀ ካሴት ካጋጠማችሁ ዜማውን የሚመራው ማን እንደሆነ አድምጡ። ዘፋኝ በሌለበት ኦርጋኑ እንደ ዘፋኝ እየተነፈሰ፣ እየተንቀጠቀጠ ዜማውን ከያዘ የኃይሉ እጅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጊታሩ ከፊት ከወጣ ወደ አይቤክስ ያዘነብላል። ማኅተም አይደለም፤ ለመጀመሪያ ግምት ግን ይበቃል።

ጥያቄ፦ የትኞቹን ነው ዛሬ በትክክለኛ ኅትመት ማግኘት የሚቻለው? ቅደም ተከተላቸውስ? (ከታቦር)

መልስ፦ “ትዝታ” በ1975 በካሴት የወጣ ሲሆን በ2021 እንደገና ታትሟል። “ቼ በለው” የ1977 ሸክላ ነው፤ “ሙዚቃዊ ስልት”፣ “ሎሚ ተራ ተራ” እና “ብርቱካኔ” ያሉት በዚህ ላይ ነው። ድጋሚ የታተመው በ2014 ነው። “ወደ ሐረር ጉዞ” (1978፣ ድጋሚ 2016) ብዙ ሰው ከዋልያስ ጋር ይደምረዋል፤ ስሕተት ነው። ኃይሉ በሱ ላይ የተጫወተው ከዳህላክ ባንድ ጋር ነው። “ሸሞንሟናዬ” ያለበት የ1985 ካሴት ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን የሠራው ነው። አኮርዲዮንን ሮድስ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ ሰባት ከተባሉ ኪቦርዶች ጋር እየደራረበ፣ ድራሙን ለማሽን ትቶ ቀዳው። ድጋሚ የታተመው በ2013 ነው። አራቱንም እንደገና ያሳተመው ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ ነው።

ከዚያ በፊት “ሙዚቃዊ ስልት”ን ለውጭ ጆሮ ያደረሰው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 የጀመረው የኢትዮፒክስ ስብስብ ነው። ቁጥር 13 ላይ ይገኛል። አሳታሚው ቡዳ ሙዚክ ይባላል፤ ስሙ ለእኛ ጆሮ ባያምርም ሥራው መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ባንዱ ተመልሶ ይሰባሰባል ብለን እንጠብቅ? (ከአሞራ ገደል)

መልስ፦ የድሮው አሰላለፍ ይመለሳል ብለን አናጽናናዎትም። ባንዱ በ1981 አሜሪካን ዞሮ ሲያበቃ ከፊሉ አገሩ ገባ፣ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከፊሉ እዚያው ቀረ። የቀሩት ዙላ ባንድን አቋቋሙ። ኃይሉ ለዓመታት ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ከድጋሚ ኅትመቱ በኋላ ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 “ላላ በሉ”ን፣ በ2020 “የኔ ምርጫ”ን አወጣ። ከእሱ ጋር ዓለምሰገድ ከበደ በቤዝ፣ ኬኔዝ ጆሴፍ በድራም ተሰልፈዋል። የዋልያሱ ፒያኖ ተጫዋች ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር የኢትዮፒክስን ቁጥር 30 ሠርቷል። የዋልያስን ቀጣይ ዘመን የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው እዚህ ነው እንጂ በስብስብ ወሬ አይደለም። አንድ ነገር ግን ይጠብቁ፦ “ላላ በሉ” ላይ ነፋሾቹ ስለሌሉ የሂልተኑን ሙላት አይሰሙም። ቦታው የተተወው ለቤዙ ነው። መጀመሪያ ባዶ ይመስላል፤ በደህና ድምፅ ማጉያ ሲሰሙት ይገባዎታል።

ጥያቄ፦ የ“ቼ በለው” ካሴቴ ድምፁ ታፈነ፤ ሲምባሉ ጭራሽ አይሰማም። ቴፑ ነው ካሴቱ? (ከመናኸሪያ አካባቢ)

መልስ፦ በሌላ ካሴት ይፈትኑ። ሁሉም ከታፈነ ቴፑ ነው፤ አንዱ ብቻ ከታፈነ ደግሞ ሦስት ነገር በተራ ይመልከቱ።

መጀመሪያ ሄዱን፣ ማለትም ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል፣ ያጽዱ። ክሩ እየተላጨ የሚተወው ቡናማ ብናኝ ሄዱ ላይ ሲጋገር ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ በትንሽ አልኮል፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይጥረጉት። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት ከጠረጉ በኋላ 15 ደቂቃ ክፍት ይተዉት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈጽሞ አይንኩ፤ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ክሩን እየጎተተ የሚሽከረከረውን ጎማ በአልኮል ደጋግሞ መጥረግ ያደርቀዋል፤ ለሱ ሳሙና የነካ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ጎማው ከተንሸራተተ ድምፁ ይዋኛል፤ ሲብስም ክሩን ይበላል።

ሁለተኛ፣ ካሴቱ ላይ የዶልቢ ምልክት ከሌለ የቴፑን ዶልቢ (የ“ሽሽሽ” መቀነሻውን) ያጥፉ። ሳይታሰብ በርቶ ስንቱን አሳብዷል።

ሦስተኛው የሄዱ ዝንባሌ ነው። ሄዱ ክሩን ፍጹም ቀጥ ብሎ ካልተገናኘው የግራውና የቀኙ ድምፅ በሽርፍራፊ ሰከንድ ይበላለጣሉ፤ ሲደመሩ ቀጭኑ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ካሴትዎ የተቀዳው ዝንባሌው በተዛባ ማሽን ከሆነ፣ የእርስዎ ቴፕ ልክ መሆኑ ራሱ ችግር ነው። የቅጂ ቅጂ በሆኑት ላይ የተለመደ ነው። የካሴት ቤቱን መዝጊያ ሲያነሱ ከሄዱ በግራና በቀኝ ሁለት ብሎን ያያሉ። ሥሩ ስፕሪንግ ያለውን ብቻ ነው የሚነኩት፤ ሌላውን ይተዉት። መነሻውን እንዳያጡት በጥፍር ቀለም አንድ ነጥብ ያኑሩ። ካሴቱ እየዘፈነ፣ ድምፁን ሞኖ (ግራና ቀኙ የተደመረ) አድርገው፣ ብሎኑን በትንሽ ካቻቪቴ የሙሉ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ያዙሩ። ቆም ብለው ያድምጡ። የሃይ-ሃቱ (የድራሙ ጥንድ ሲምባል) “ጪስ ጪስ” ከብርድ ልብስ ሥር እንደወጣ ሁሉ በድንገት ይጠራል፤ ካለፉት ደግሞ ተመልሶ ይደበዝዛል። የጠራበት ላይ ያቁሙ። ካሴቱን ቀድተው ሲጨርሱ ብሎኑን ወደ ነጥቡ ይመልሱ፤ አለዚያ ሌሎቹ ካሴቶችዎ በተራቸው ይታፈናሉ።

ብሎኑ የብረት ካቻቪቴ ይፈልጋል፤ ማግኔት ያለው ጫፍ ግን ሄዱ አጠገብ አያድርሱ።

ጥያቄ፦ የኔ ካሴት በኢንተርኔት ካለው ከፍ ባለ ቁልፍ ይጫወታል። ኪቦርድ ይዤ ስከተል በሁለቱ ኖታ መሃል ይወድቃል። የቱ ነው ትክክሉ? (ከአቶቴ)

መልስ፦ በፍጥነት ነው የሚለያዩት። የካሴት መደበኛ ፍጥነት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው። ቴፑ በ6 በመቶ ቢፈጥን ዘፈኑ አንድ ግማሽ ድምፅ ሙሉ ይወጣል፤ 3 በመቶ ቢፈጥን እርስዎ እንዳሉት በሁለት ቁልፎች መሃል ይንጠለጠላል። መለኪያው ሰዓት ነው፦ በድጋሚ ኅትመቱ 240 ሰከንድ የሚፈጅ ዘፈን በእርስዎ ቴፕ 233 ላይ ካለቀ 3 በመቶ ፈጥኗል። ሌሎች በፋብሪካ የተቀዱ ካሴቶችም በዚሁ ልክ ከፈጠኑ ጥፋቱ የቴፑ ነው። ሞተሩ ከኋላው ትንሽ ቀዳዳ ካለው ውስጡ የፍጥነት ማስተካከያ አለ፤ በቀጭን ካቻቪቴ በጥቂት በጥቂቱ ይሞከራል። ቴፑ ከዘገየና ከተንቀጠቀጠ ግን ሞተሩን ከመነካካት በፊት ቺንጋውን ይዩ፤ የላላ ወይም የተንጣጣ ቺንጋ በማስተካከያ አይድንም። ጥፋቱ ካሴቱ ውስጥ ከተቀዳ ቴፑን አይንኩት፤ እንዳለ ቀድተው በኮምፒውተር ፍጥነቱን ያስተካክሉ። እዚህ ላይ “ፒች” የሚለውን ሳይሆን “ስፒድ” የሚለውን ትእዛዝ ይምረጡ፤ ፒች ቁልፉን ብቻ አውርዶ የምቱን ፍጥነት እንደነበረ ይተወዋል።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ነው የምንኖረው፤ የካሴቶቹ ክር ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል። (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ሻጋታ ነው። አያጫውቱት፤ ወደ ሄዱ፣ ከሄዱም ወደ ደኅናዎቹ ካሴቶች ይዛመታል። የሻገቱትን ለይተው አየር በሚገባበት ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን ያድርቁ። ፀሐይ ላይ አያስጡ፤ ቤቱ ይጣመማል። የአዳማ ሰዎች በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚያጠፉት ካሴት በሐይቁ እርጥበት ከሚጠፋው የሚያንስ አይመስለንም። ሲደርቅ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ከቤት ውጭ ይክፈቱት፤ ብዙዎቹ በአምስት ትንንሽ ብሎኖች የተያያዙ ናቸው። የጠርዙን ብናኝ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ክሩን አያርጥቡ። ከዚያ ሁለቱን ጥቅሎች ወደ ሌላ ንጹሕ የካሴት ቤት ያዛውሩ። ክሩን የሚደግፈው ስፖንጅ የወደቀበት ካሴትም የሚድነው በዚሁ መንገድ ነው፤ ማስቲሹ ስለሚደርቅ በድሮዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። መጀመሪያ ዳር እስከ ዳር በቢክ እስክሪብቶ በእጅ ያጠንጥኑ፣ ከዚያ ነው ለማሽን የሚሰጠው።

ጥያቄ፦ ወደ ላፕቶፕ ስቀዳ “እምምም” የሚል ድምፅ ገባበት፤ ከፍ ያለው ቦታም ይሰነጠቃል። ስንት ጊጋ ቦታስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ “እምምም” የሚለው የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ ቴፑና ላፕቶፑ ሁለቱም ሶኬት ላይ ሲሆኑ ይመጣል። ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ይቅዱ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይጠፋል። የሚሰነጠቀው ገመዱ ማይክ መግቢያ ላይ ስለተሰካ ነው፤ ያ መግቢያ ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ነው፣ በብዙ ላፕቶፕም ሞኖ ነው። ላይን መግቢያ ከሌለ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ስቴሪዮ ላይን መግቢያ ያለው ትንሽ የድምፅ ካርድ ይፈልጉ። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም ያድርጉ። በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በስቴሪዮ የተቀዳ የ60 ደቂቃ ካሴት በዋቭ ፋይል 1 ጊጋ ገደማ ይይዛል፤ ፍላክ ወደተባለው የታመቀ ፋይል ቢለወጥ ድምፁ ሳይነካ በግምት ግማሽ ይሆናል። ኤምፒስሪ ለስልክ ብቻ።

የ“ሽሽሽ” ማጥፊያውን እንድትተዉት አጥብቀን እንመክራለን። ከሽሽታው ጋር የኦርጋኑን ትንፋሽና የሲምባሉን ጭራ ይዞ ይሄዳል፤ የሚቀረው ውኃ ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል። የግድ ከሆነ በቅጂው ላይ ይሞክሩት፣ ዋናው ሳይነካ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የቀዳሁትን ቴሌግራም ላይ ብለቅስ? አሮጌ ስለሆነ ነፃ ነው ይባላል።

መልስ፦ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የደራሲው መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ የተጫዋቾቹና የአሳታሚው መብት ደግሞ ለየብቻው 50 ዓመት ነው። ለራስ መገልገያ አንድ ቅጂ ማዘጋጀት ይፈቀዳል፣ ማሰራጨት ሌላ ነገር ነው። ድጋሚ የታተሙትን ይግዙ፤ ከኃይሉ ካሴቶች ጥራት ባለው ቅጂ የሚገኙት እነሱ ናቸው፣ ለሙዚቀኛው ገንዘብ የሚደርሰውም በዚያ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ልጆች በላዩ ላይ እንዳይቀዱበት ምን ላድርግ?

መልስ፦ በካሴቱ ጀርባ በግራና በቀኝ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች ይስበሩ። የሚያዩት ጎን ወደ እርስዎ፣ ክሩ የሚታይበት ወደ ታች ሲሆን የግራው ምላስ የዚያ ጎን ጠባቂ ነው። ምላሱ ከሌለ ቴፑ የመቅጃውን ቁልፍ አያስጫንም። ቀዳዳው በፕላስተር ተሸፍኖ ካገኙት ግን አንድ ሰው ቀድሞዎታል፤ ከመሸጥዎ ወይም ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱንም ጎን እስከ መጨረሻው ያድምጡ።