ዳገቱን በእግራችሁ ውጡት

ውድ በተፋሰስ ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ሐምሌ ገብቷል። አሁን በጀልባ ወደ ጉማራ ወይም ወደ ግልገል አባይ አፍ ቀረብ ብትሉ ጣና ሰማያዊ አይደለም፣ ቡኒ ነው። ያ ቀለም ከሰከላና ከጉና ተራራ የመጣ አፈር ነው። ትናንት የሰው ማሳ ነበር።

በጀማሪነቴ የአንድ ተራራማ ተፋሰስ የአፈር መሸርሸር ገምት ተባልኩ። ስሌቱን ታውቁታላችሁ። ዝናቡ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የተዳፋቱ ርዝመትና ቁልቁለት፣ የመሬቱ ሽፋንና የጥበቃው ሥራ ይባዛሉ። ውጤቱ በዓመት፣ በሄክታር፣ በቶን ይወጣል። ሠራሁት። ካርታዬም ቀይ በቀይ ሆነ፤ ቀዩ ብዙ አፈር የሚሄድበት ነው። ደስ ብሎኝ ይዤው ወደ ገበሬዎቹ ሄድኩ። ላንድ አዛውንት፣ "አባባ፣ እዚህ ማሳ ላይ በየዓመቱ አንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር እየሄደ ነው" አልኳቸው። መሬቱን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። "ልጄ፣ ይሄን ያህል ቢሄድማ ዛሬ የማርሰው ድንጋይ ነበር" አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስት ቀን ፈልጌ ስህተቱን አገኘሁት። ተዳፋቱ የወጣልኝ በፐርሰንት ነበር። እኔ እንደ ዲግሪ አስገብቼዋለሁ። 20 ፐርሰንት ማለት 100 ሜትር ወደ ፊት ስትሄዱ 20 ሜትር መውጣት ነው፤ በዲግሪ 11.3 ብቻ። ከ9 ፐርሰንት በላይ ላለ ተዳፋት ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ቀመር የማዕዘኑን ሳይን በ16.8 አባዝቶ 0.5 ይቀንሳል። የሚመጣው ቁጥር የተዳፋቱ ማባዣ ነው፤ በትክክል ሲሠራ 2.8 ይመጣል። በእኔ ስህተት 5.2 መጣ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኚያ አባት ግን ያለ ሳይን ነው ያወቁት።

ከዚያ ወዲህ 10 ሜትር ገመድ፣ ሁለት ዘንግና ውሃ ልክ ከቦርሳዬ አይጠፉም። የእርከን ቀያሾች መሣሪያ ነው፣ ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይቆማል። የታችኛው ገመዱን በዘንጉ ላይ ከፍ ዝቅ እያደረገ ገመዱ መሀል ላይ የተንጠለጠለው የውሃ ልክ አረፋ መሀል ላይ እስኪቆም ይጠብቃል። በሁለቱ ዘንጎች ላይ ያለው የገመዱ ከፍታ ልዩነት 2 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 20 ፐርሰንት ነው። ይህን አሥር ቦታ ላይ አድርጉና ከኮምፒውተራችሁ ጋር አስተያዩት።

አይገጥምም። የሳተላይቱ የከፍታ መረጃ አንዱ ካሬ 30 ወይም 90 ሜትር ነው። በዚያ ውስጥ ያለው ገደልም፣ ደልዳላውም፣ ገበሬው የሠራው እርከንም ተጨፍልቆ አንድ ቁጥር ይሆናል። ካሬው በሰፋ ቁጥር ተራራው ይለዝባል። ደግሞ ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ዲግሪ የሚሰጠውን መረጃ ወደ ሜትር ሳትቀይሩ ተዳፋት አታውጡ። ቦታን በሜትር በሚሰጠው የካርታ ሥርዓት፣ በዩቲኤም፣ የኛ አካባቢ ዞን 37 ሰሜን ነው።

የመሸርሸሩ ዋና ቀመርም የራሱ ታሪክ አለው። የተለካው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ መነሻው 22.1 ሜትር ርዝመትና 9 ፐርሰንት ተዳፋት ያለው ቁራጭ መሬት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1985 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ አስማምተውታል። ቢሆንም የጉና ገበሬ በበሬ የሚያርሰውን ቀጥ ያለ ዳገት ስታሰሉ ቁጥሩን እንደ ግምት ያዙት፣ እንደ ሚዛን አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ደብረ መዊ ላይ ውረዱ። ብዙ ጥናት የተደረገበት ተፋሰስ ነው። ካርታው ቀይ የሚያደርገው ዳገቱን ነው። እናንተ ግን ሽቅብ ከመውጣታችሁ በፊት ታች፣ ለጥ ያለው የግጦሽ መሬት ላይ ቁሙ። ሰው የሚውጥ ቦረቦር ታያላችሁ። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ግርጌው ውሃ ይጠግባል፣ አፈሩ ይላላል፣ ግድግዳው ይናዳል። የኛ ቀመር የሚቆጥረው በገጹ የሚታጠበውንና በትንንሽ ቦይ የሚሄደውን ብቻ ነው። ቦረቦሩን አያውቀውም። ይህን ባለማወቅ ዳገቱን ብቻ በእርከን አጥረን ግርጌውን ለጎርፍ የተውንባቸው ቦታዎች አሉ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወቅቱንም እዩ። ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ የታረሰ ማሳ የክረምቱ ኃይለኛ ዝናብ ሲጀምር ራቁቱን ነው። ያኔ 8 ፐርሰንት ብቻ ተዳፋት ያለውም ይታጠባል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ሰብሉ መሬቱን ሲሸፍን ያው ማሳ ሌላ ማሳ ይሆናል። ገበሬው ውሃ ለማሳለፍ በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስም አለ፤ ቁልቁል ከወጣ ቦረቦር ይወልዳል። ካርታ ላይ አታገኙትም፣ ማሳው ላይ ግን በእጃችሁ ታሳዩታላችሁ።

በዚህ ሳምንት ወደ ጎንደር የምትሄዱ ካላችሁ ጉማራ ድልድይ ላይ ውረዱ። በአንድ የውሃ ኮዳ ከወንዙ ቅዱና ሌሊቱን ሳትነቀንቁ መስኮት ላይ አስቀምጡት። ጠዋት ውሃው ጠራ ብሎ፣ ጭቃው ታች ተኝቶ ታገኙታላችሁ። በጣታችሁ ነክታችሁ እዩት። ከዚያ ስሌታችሁን ክፈቱ።