ቴክኒክና ሙያ የወዳቂ ማረፊያ አይደለም

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ብዙ ቤት ለቅሶ ቤት ይመስላል። አይፈረድም። በ2015 ዓ.ም ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ልጆቼ፣ ከመቶው ዘጠና አምስቱ ወደቀ ከተባለ ነገሩ የናንተ ስንፍና ብቻ አይደለም።

ከዚያ ተከትሎ የሚመጣው ወሬ ግን ያናድደኛል። «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ቴክኒክ ይግባ» ይባላል። ዕድሜዬን የፈጀሁት ብረት ስበይድ፣ ኋላም ብየዳ ሳሠለጥን ነው። የኛ ሙያ የተረፈ ልጅ መጣያ መስሎ ሲወራ ደሜ ይፈላል።

ንቀቱ እኛ ጎንደር ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ለነገሥታቱ ግንብ ካነፁት እጆች መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩበት። ግንቡን እናደንቃለን፣ በሰርጋችን ቀን ፎቶ እንነሳበታለን። ባለ እጁን ግን «ቀጥቃጭ» እና «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ስንል ኖርን። አፄ ምኒልክ እንኳ ባለሙያን መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰማል።

ወደ ሥራው ልግባ። ዲግሪ ይዞ የተቀመጠ ልጅ የሚጠብቀው የቅጥር ማስታወቂያ ነው። አንድ ቦታ ሲወጣ ስንቱ እንደሚሰለፍ ታውቁታላችሁ። የቧንቧ ሠራተኛ ማስታወቂያ አይጠብቅም፤ የሚያፈስ ቧንቧ ይበቃዋል። አዘዞ ወይም ማራኪ በኩል አንድ ቤት ሲሠራ ቱቦላሬ የሚበይድ፣ የመብራት መስመር የሚዘረጋ፣ ሴራሚክ የሚያነጥፍ የግድ ይፈለጋል። የሰላም እጦቱ ጎብኚውን ካራቀ ወዲህ በሆቴል ሙያ የሠለጠኑ ልጆች ክፉኛ ተጎድተዋል፤ ይህን አልሸሽግም። ጥገና ግን ኑሮ ሲከብድ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። አዲስ ባጃጅ መግዛት ያልቻለ ሰው አሮጌውን ያሠራል።

ይህ ማለት ግን ወረቀት የያዘ ሁሉ ሥራ ያገኛል ማለት አይደለም። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አልፈው ቤት የተቀመጡ አሉ። ለምን? እጃቸው ስላልተፈታ ነው። ባለ ወርክሾፑ ሊቀጥራችሁ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው ሰርተፊኬት አይደለም። ሁለት ቁራጭ ላሜራ ሰጥቶ «በይድ» ይላል። ከዚያ የበየዳችሁትን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ሽፋኑን ያራግፋል። ከሥሩ የሚወጣው መስመር እንደ ዓሣ ቅርፊት እኩል እኩል ተደራርቦ ከታየ ነገ ና ይላችኋል። እጅ ከቸኮለ ብረቱ በደንብ አይያያዝም፤ ከዘገየ ላሜራው ይቀደዳል። ይህን ደብተር አያስተምርም፣ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) መፍጀት ነው እንጂ።

ለዚህ ነው በሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን የሚባለው። በተለይ ድርጅት ውስጥ የምትለማመዱባትን ጊዜ አታባክኗት። አንዳንዱ አሠሪ ሻይ አምጣ፣ ወለል ጥረግ ይላል። ጥረጉ፣ ግን ዓይናችሁ ብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቶርኖው ላይ ይሁን። ካቻቪቴና ፒንሳ ሲያቀብሉ የቆዩ ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ጋራዥ ከፍተዋል።

ሴቶች ልጆች፣ እናንተንም ልብስ ስፌትና ፀጉር ሥራ ብቻ ነው የሚመጥናችሁ የሚላችሁ ካለ አትስሙት። የኤሌክትሪክ መለኪያው መልቲሜትር የያዛትን እጅ ወንድ ነሽ ሴት ብሎ አይጠይቅም።

ብድርም ላይ አትቸኩሉ። ተደራጅቶ ማሽን መግዛት ያጓጓል። ግን ማሽኑ ከደንበኛው ቀድሞ ከመጣ ዕዳ ነው። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠርታችሁ ስም አውጡ፣ ነገ እጨርሳለሁ ያላችሁትን ነገ ጨርሱ። ጎንደር ውስጥ ቀጠሮ የሚያከብር ባለሙያ ብርቅ ስለሆነ ሰው እየተቀባበለ ይፈልገዋል። ያኔ ባንክ ሂዱ።

ለመመዝገብ ስትሄዱ ደግሞ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ወርክሾፑን አሳዩን በሉ። ማሽኑ ይሠራል? ለስንት ልጅ አንድ ማሽን ይደርሳል? ለልምምድስ የት ነው የምትልኩን? ባለፈው ዓመት የተመረቁት ልጆች አሁን ምን እየሠሩ ነው? ጠይቁ፣ አትፈሩ። የሚመልስላችሁ ከጠፋ ሌላ ኮሌጅ እዩ።