ሱፐርካፓሲተር ከመግዛትዎ በፊት የማሳ ገመዱን ይለኩ

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ጭነት እመላለሳለሁ። መኪናዬ ናፍጣ ናት፣ 24 ቮልት። ቀን ምንም አትልም። ህዳርና ታህሳስ ሲገባ ግን ንጋት ላይ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እያቃሰተ ይዞርና ቀጥ ይላል። ሰው ለምነን በግፊት እናስነሳታለን። ባትሪዎቹ ዓመት አልሞላቸውም። ጓደኛዬ «ሱፐርካፓሲተር አስገጥምና ተገላገል» አለኝ። ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ ግን ሁሉንም ችግር አይፈታም።

የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ታምቆ በጋለ አየር ነው። ሞተሪኖው ዝግ ብሎ ካዞረው ሙቀቱን ቀዝቃዛው ብረት ይወስደዋል። ስለዚህ ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ናቸው፤ ያኔ ሞተሪኖው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ ዘይቱን ያወፍራል፣ ባትሪው ውስጥ ያለውንም የኬሚካል ሥራ ያዘገያል። ሱፐርካፓሲተር፣ ባጭሩ ካፓሲተር፣ እንደ ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው፤ ግን ኬሚካል አይጠብቅም። የያዘውን ባንዴ ይለቃል።

የሚይዘው ግን ትንሽ ነው። 500 ፋራድ (ፋራድ የካፓሲተር መጠን መለኪያ ነው) በ14 ቮልት ቢሞላ 14 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግን 1,200 ይይዛል። ደግሞም ከባትሪው ጎን ዝም ብሎ የታሰረ ካፓሲተር ከባትሪው ቮልት በላይ አይሞላም። ባትሪው ወርዶ ካደረ እሱም አብሮ ወርዶ ያድራል። ከደከመ ባትሪ ስቦ ቮልቱን ከፍ አድርጎ የሚሞላ አለ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

እኔ የእርስዎን ነገር የምጠረጥረው ማሳው ላይ ነው፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ገመድ ማለቴ ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ ያድርጉ። አንዱን ጫፍ ማሳው የታሰረበት የባትሪ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ይያዙ። ረዳትዎ ሞተሪኖውን ያዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ነው። ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉትና አጥብቀው ይሰሩት። በብዙ መኪና ላይ ችግሩ እዚሁ ያበቃል፣ ወጪውም የወረቀቱ ብቻ ነው።

ማሳውም ባትሪውም ደህና ከሆኑ ካፓሲተሩን ይግዙ። ካፓሲተሩ ከብዙ ትንንሽ ሴሎች ይሠራል፤ አንዱ ሴል የሚችለው 2.7 ቮልት ያህል ነው፤ ዲናሞው ደግሞ 28 ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ በተከታታይ የታሰረ ቢያንስ 11 ሴል፣ ቢቻል 12፣ ቮልታቸውን ከሚያመጣጥን ሰሌዳ ጋር ያስፈልጋል። ባዶውን በቀጥታ አይሰሩት፤ ብልጭታው ያስደነግጣል፣ ገመድም ያቃጥላል። መጀመሪያ ባለ 24 ቮልት የፊት መብራት አምፖል በባትሪውና በካፓሲተሩ መሃል ያስገቡ። አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፣ ሲጠፋ ሞልቷል ማለት ነው። ያኔ አምፖሉን አውጥተው በቀጥታ ይሰሩት። የጣት ቀለበት ካለዎት ያውልቁ፤ የባትሪውን ገመድ ቢፈቱም እንኳ ካፓሲተሩ እንደሞላ ነው።