የጃቫ ሰው በጃቫኛ ለምን አልጻፈም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስድስት ኪሎ የሥነ ጽሑፍ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የኢንዶኔዥያዊውን የፕራሙድያ አናንታ ቱርን «ቡሚ ማኑሲያ» በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አግኝቼ አነበብኩት። ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። ሰውየው የጃቫ ደሴት ተወላጅ ሆኖ ሳለ በአፍ መፍቻው በጃቫኛ ሳይሆን በኢንዶኔዥያኛ ለምን ጻፈ? ደግሞ ስለዚያ አገር ሥነ ጽሑፍ ባነበብኩት ሁሉ የቆዳ አሻንጉሊት ትርዒት ይነሳል። ደራሲው የጃቫን የማዕረግ ሥርዓት እንዲህ ከጠላ፣ ያ የጥንት ትርዒት ከልቦለዱ ጋር ምን ያገናኘዋል? — አንባቢዎ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ ስትጽፊልኝ «እርስዎ» አልሽኝ። እኔ «አንቺ» እያልኩ እመልስልሻለሁ። በመካከላችን ያለው ዕድሜ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። በጃቫኛ ግን ነገሩ ከዚህ በጣም ይጠልቃል። እዚያ የሚለወጠው «አንቺ» እና «እርስዎ» ብቻ አይደለም። «መብላት»፣ «መሄድ»፣ «ቤት» የሚሉት ተራ ቃላት ሳይቀሩ እንደ ሰሚው ማዕረግ ሌላ ቃል ይሆናሉ። ተራው ንግግር ንጎኮ ይባላል፤ የአክብሮቱ ክሮሞ። የበላይሽ በንጎኮ ያናግርሻል፣ አንቺ በክሮሞ ትመልሻለሽ። አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት የማን የበታች እንደሆንሽ ማወቅ አለብሽ።

ይህ ለእኔ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። እናቴ እዚያው አንቺ ሰፈር፣ አራት ኪሎ፣ ከአንድ ባለማዕረግ ቤት እንጀራ ጋጋሪ ነበረች። የጌቶችን ልጅ «እርስዎ» ትለው ነበር። ጥርሱን እንኳ ቀይሮ ያልጨረሰ ልጅ ነው። እሱ «አንቺ» ይላታል። እኔና እሱ እኩዮች ነበርን። ስለዚህ የልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ሚንኬ አባቱ ፊት የሚድህበትን ቦታ እንደ ሩቅ አገር ታሪክ አላነበብኩትም።

እስቲ ያንን ቦታ መለስ ብለሽ እይው። ሚንኬ ሱራባያ በምትባል የጃቫ ከተማ፣ በቅኝ ገዢዎቹ በሆላንዶች ትምህርት ቤት የሚማር ጎበዝ ተማሪ ነው። አባቱ ሲያስጠራው መሬት ለመሬት ድሆ ይቀርባል፣ እጁን አጣምሮ ወደ ላይ እያነሳ ይሰግዳል። ዘሮቹ እንዲህ እንዳይዋረዱ በልቡ ይመኛል። ያው አባት ግን ሹመቱ በሚከበርበት ቀን ንግግሩን ወደ ሆላንድኛ የሚያስተረጉመው ያንኑ ልጁን ነው። የማዕረጉ ሥርዓት ልጁን መሬት ላይ ያስድሃል፤ ባለማዕረጉ ደግሞ ያለዚያ ልጅ ከገዢዎቹ ጋር መነጋገር አይችልም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ግጭት በሙሉ በእነዚህ ሁለት ትዕይንቶች ውስጥ ይታየኛል።

አሁን ወደ መጀመሪያ ጥያቄሽ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1928 ከየደሴቱ የመጡ ወጣቶች ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ፣ ተሰብስበው ቃል ኪዳን ገቡ። አንድ አገር፣ አንድ ሕዝብ፣ የአንድነት ቋንቋውም ኢንዶኔዥያኛ። መሠረቱ ማላይኛ ነው። ማላይኛ የወደብና የንግድ ቋንቋ ሆኖ ለዘመናት ደሴቶቹን ሲያገናኝ ኖሯል፤ አፍ የፈታበት ሰው ግን ጥቂት ነበር። ከሁሉም ብዙ ተናጋሪ ያለው ጃቫኛ ነው። በቁጥር ቢሆን ኖሮ ጃቫኛ ይመረጥ ነበር፤ የጃቫ ወጣቶች ራሳቸው ግን ማላይኛውን ተቀበሉ። አንደኛው ምክንያት ሌሎቹ ሕዝቦች በትልቁ ሕዝብ እንዳይዋጡ ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ማላይኛ ያን የማዕረግ መሰላል ያን ያህል አለመሸከሙ ነው። (እኛም አገር የቋንቋ ነገር ስስ ነው። ይህን ታሪክ ወደዚህ አምጥተው የሚከራከሩበትን ሰዎች ሰምቻለሁ። እዚያ የተመረጠው የገዢው ወይም የትልቁ ሕዝብ ቋንቋ አለመሆኑን ግን ይዘሉታል።)

ፕራሙድያ የዚህ ቃል ኪዳን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ብሎራ በምትባል የጃቫ ከተማ ተወለደ። ከ1965 እስከ 1979 ያለ ፍርድ ታሰረ፤ አብዛኛውን ጊዜ በቡሩ ደሴት። መጻፊያ በተከለከለበት ጊዜ ይህን ታሪክ ለእስረኛ ጓደኞቹ በቃሉ ተረከላቸው። ከጃቫ ከመጣውም ከሌላ ደሴት ከመጣውም እስረኛ ጋር እኩል የሚያነጋግረው ቋንቋ ኢንዶኔዥያኛ ነበር። መጽሐፉ በ1980 ታተመ፣ በ1981 ታገደ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ዮግያካርታ ውስጥ መጽሐፎቹን በማዘዋወር የተፈረደባቸው ወጣቶች አሉ።

ከእሱ በፊት የነበረውን ማየት ከፈለግሽ የማራ ሩስሊን «ሲቲ ኑርባያ» ፈልጊ። የ1922 ልቦለድ ነው፣ በቅኝ ገዢው መንግሥት ማተሚያ ቤት የታተመ። ልጅቷ በአባቷ ዕዳ ምክንያት ለሽማግሌ ሀብታም ትዳራለች። መጨረሻ ላይ ያ ክፉ ሀብታም የፀረ ግብር አመፅ መሪ ሆኖ ይነሳል፤ አፍቃሪዋ ደግሞ የሆላንዶችን የደንብ ልብስ ለብሶ አመፁን ሊያፍን ይመጣል። ማንን እንደምትደግፊ ግራ ይገባሻል። አሳታሚው ማን እንደነበር ስታስቢ ግን ነገሩ ይገለጥልሻል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ይበልጥ ደስ ብሎኛል። ዋያንግ ኩሊት የሚባለው ትርዒት ከጎሽ ቆዳ በተፈለፈሉ ምስሎች ጥላ የሚሠራ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ፋኖስ አለ። ዳላንግ የሚባለው አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ምስሎቹን ያንቀሳቅሳል፣ ለሁሉም ይናገርላቸዋል፤ ለአማልክቱም፣ ለነገሥታቱም፣ ለአሽከሮቹም። የንግግር ማዕረጉን ሁሉ አሳምሮ ካላወቀ አይሆንለትም። ስለዚህ ትርዒቱ የማዕረግ ትምህርት ቤት ነው ብትይ አልተሳሳትሽም።

ግን ከገጸ ባሕርያቱ መካከል ቢማን ተመልከቺ። ከአምስቱ የፓንዳዋ ወንድማማቾች ሁለተኛው ነው፤ ታሪኩ ከሕንድ የመጣ፣ ጃቫ ላይ ሌላ መልክ የያዘ። ቢማ ለንጉሥም ሆነ ለአምላክ በንጎኮ ነው የሚናገረው። ክሮሞ የሚያወጣው ለአንድ ብቻ ነው። የሕይወት ውኃ ፍለጋ ባሕር ውስጥ ገብቶ ዴዋ ሩቺ የተባለ ድንክ አምላክ ያገኛል፤ መልኩ የራሱ የቢማ መልክ ነው። ለእሱ ብቻ ቋንቋውን ያከብራል። ይህን የሚያየው ሕዝብ ቢማን እንደ ባለጌ አይቆጥረውም፤ እውነተኛ ሰው ብሎ ይወደዋል። ሰማርም አለ። ወፍራም፣ መልከ ጥፉ አሽከር ነው፤ በትውልዱ ግን አምላክ። እሱና ልጆቹ እኩለ ሌሊት ገደማ ብቅ ሲሉ የሰፈሩን ሹምና የኑሮ ውድነቱን ሳይቀር ያነሳሉ፤ ሕንዶቹ ዘንድ የሉም፣ የጃቫ ፈጠራ ናቸው።

ስለዚህ ሚንኬና ትርዒቱ ጠላቶች ናቸው ብለሽ አትጻፊ። አልድህም የሚለው ስሜት ከሆላንዶች ትምህርት ቤት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ገበሬው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ቢማን ሲሰማ የኖረ ነው። ይህ የራሴ ንባብ ነው፤ ደስ ካላለሽ ተከራከሪኝ።

ያነበብሽው ከአራት ቅጾች የመጀመሪያውን ነው። በአራተኛው ተራኪው ይለወጣል። የሚናገረው ሚንኬ ሳይሆን እሱን እንዲከታተል ቅኝ ገዢዎቹ ያሰማሩት የአገሩ ተወላጅ ፖሊስ ነው፤ የሚያደንቀውን ሰው እያጠፋ መሆኑን ያውቃል። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ይበልጥ የሚጠቅምሽ ያ ቅጽ ነው። መካከለኞቹን ሁለት ሳታነቢ ግን አትጀምሪው።