ጥያቄና መልስ፦ 23 ደቂቃ ሙሉ አንድ ዘፈን?

ባለፈው ስለ ድሮ ሮክ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። የተወሰኑትን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

«አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከፍተው ዘፈን አያልቅም። ቡናው በረካ ይደርሳል፣ እሱ ገና መሃሉ ላይ ነው። ምኑ ነው የሚስበው?» — ከግሽ ዓባይ

እህቴ፣ አባትሽ የሚሰማው ፕሮግሬሲቭ ሮክ ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር የተወለደ። የሸክላ አንዱ ገጽ 20 ምናምን ደቂቃ ይይዛል። እነዚህ የሮክ ልጆች ታዲያ ቦታው ካለ ምን አስቸኮለን አሉ። ጀነሲስ የሚባለው ባንድ በ1972 ወደ 23 ደቂቃ የሚሆን አንድ ዘፈን አወጣ። ሌላው ባንድ ጄትሮ ታል በዚያው ዓመት የሸክላውን ሁለቱንም ገጽ ለአንድ ዘፈን ሰጠው።

መሳቡን ግን ከእኛው ቤት ልንገርሽ። ጣና ዳር ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ቁም ዜማ፤ ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፣ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ፤ መቋሚያው መወዛወዝ ይጀምራል። ከዚያ በመረግድ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል። ፈጣኑ ጽፋት ላይ ሲደርስ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋው ልጅ እንኳ ይነቃል። ጽፋቱን ብቻ ቆርጠው ቢያሰሙሽ ያምራል፣ ግን እንደዚያ አያደርግሽም። ቁሙን ጠብቀሽ ነዋ የመጣሽው። (ሮክን ከማኅሌት አስተካከለ ብሎ የሚነሳብኝ እንዳይኖር፤ የማወራው ስለ አካሄዱ ነው።) በአባትሽ ዘፈንም መጀመሪያ ላይ በጊታር ብቻ የሰማሻትን ትንሽ ዜማ ረስተሻት ትቆያለሽ። መጨረሻ ላይ ኦርጋንና ድራም ተሸክመዋት ይመጣሉ። አባትሽ የሚጠብቀው እሷን ነው።

«ሪትሙን እግሬ አይዘውም። ችግሩ ከእኔ ነው ከእነሱ?»

ከእነሱ። የፒንክ ፍሎይድ ባንድን «መኒ» የተሰኘ ዘፈን ክፈትና ጠረጴዛ እየመታህ ቁጠር። 4 ላይ ይዞራል ስትል 7 ላይ ይዞራል። እኔ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስሞክር አስተናጋጁ የጠራሁት መስሎት ሁለቴ መጣ። የጊታር ሶሎው ላይ ወደ 4 ሲመለስ ትከሻህ በራሱ ይፈታል። ሰርግ ላይ ግን እንዳትሞክረው።

«ያ ብዙ ቫዮሊን የሚመስለው ድምፅ ኪቦርድ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?»

እውነት ነው፣ ሜሎትሮን ይባላል። በየቁልፉ ሥር ድምፅ የተቀዳበት ቴፕ አለ። ስትጫነው ይሄዳል፣ 8 ሰከንድ ገደማ ሲሆን ያልቃል። ጣትህን አንስተህ እንደገና። የካሴት ዘመን ሰው ያን መንቀጥቀጡን ወዲያው ይለየዋል። የኪንግ ክሪምሰንን የ1969 አልበም ስማ።

«ያረጀ ነገር አይደለም እንዴ?»

የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በ1973 ወጣ። እስከ 1988 ድረስ የአልበም ሽያጭ ደረጃ በሚያወጣው የአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት ቆይቷል። ማርጀት እንዲህ ከሆነ ያስቀናል።

«ከየት ልጀምር?»

ከዚሁ አልበም። 43 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ዘጌ የምትሻገር ከሆነ ጀልባው ላይ ያልቅልሃል። ስልክህ ዘፈኖቹን እንዳያደባልቅ ሹፍሉን አጥፋ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዞ ነው የሚሄደው። ደግሞ ከሞተሩ ራቅ ብለህ ፊት ተቀመጥ። አልበሙ በልብ ምት ጀምሮ በልብ ምት ነው የሚያልቀው። እኔ ኋላ ተቀምጬ ሁለቱም አምልጠውኛል።