መልስ፦ «መስከረም ቢጠባ ምን ሊለወጥ ነው?» ላልሽው
እህቴ፣ «ኑሮው እንዲህ ከብዶ መስከረም ቢጠባ ምን ሊለወጥ ነው፣ እናንተስ በምን ትጽናናላችሁ?» ብለሻል። እውነቱን ለመናገር የዘይት ዋጋ በእንቁጣጣሽ አይወርድም። እኔም አንድ ክረምት ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ፣ «አይዞህ ያልፋል» የሚለኝ ሰው ሁሉ ያናድደኝ ነበር።

የረዳኝ ነገር ትንሽ ነው። የታክሲ ብር ለመቆጠብ በእግሬ ስሄድ፣ ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ቆሻሻ ብቻ ያየሁበት የመንገድ ዳር ቦታ አንድ ጠዋት አደይ አበባ ለብሶ አገኘሁት። ማንም አልዘራው፣ ማንም አላጠጣው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ነገር መፈለግ ጀመርኩ፤ የተጠበሰ እሸት በቆሎ፣ ከስንት ሳምንት እርጥበት በኋላ ፀሐይ ያገኘ የጋቢ ሽታ፣ የጎረቤቴ እማማ «ና ቡና ጠጣ» ሲሉኝ (ሁለተኛው ላይ መሄድ አይቻልም፣ ታውቂያለሽ)። እነዚህ ነገሮች ኪራዩን አልከፈሉልኝም። ግን ከአልጋ ያስነሱኝ ነበር።

የመስቀል ወፍንም ልንገርሽ። ልጅ ሆነን ለመስቀል ብቻ መጥታ የምትጠፋ ይመስለን አልነበር? ለካ አትጠፋም። ወንዱ ለመራቢያ ወቅት ደማቅ ላባ ይለብስና ወቅቱ ሲያልፍ ያንን ጥሎ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆናል፤ አጠገባችን ሲለቅም እየዋለ አናውቀውም። ይህን ሳውቅ ለብቻዬ ሳቅኩ።

አዲስ አበባ ካለሽ እሑድ ጠዋት ወደ እንጦጦ ውጪ፣ አደዩ ሳይረግፍ። ሻይ በፔርሙስ ያዢ፣ እዚያ ውድ ነው።