ኤቨርተን ሲቀጣ ሲቲ ለምን ዋንጫ ያነሳል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተረባርበዋል፤ አጭበረበረ የተባለ ክለብ ወይም ተጫዋች እንዴት ይቀጣ? የተቆጡትን አስቀድሜያለሁ። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ የአውሮፓውያን ናቸው።

ጥያቄ፦ ኤቨርተን 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ማንቸስተር ሲቲ 115 ክስ ተሸክሞ ዋንጫ ያነሳል። ይህ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ክሶቹ ይለያያሉ። ኤቨርተን በሦስት ዓመት ከተፈቀደው 105 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ ማለፉን አምኗል፤ ጉዳዩን ለሚያየው ገለልተኛ ኮሚሽን የቀረው በምን ያህል እንዳለፈ (19.5 ሚሊዮን ነው ብሏል) እና የቅጣቱን መጠን መወሰን ነበር። ሲቲ ግን በየካቲት 2023 ሲከሰስ ሁሉንም ክዷል፤ ክሱም ከ2009 ጀምሮ ያሉ ሒሳቦችን ይነካል። የሚክድን ወገን በማስረጃ መርታት ጊዜ ይወስዳል፤ ሳይፈረድበት ዋንጫ አያንሳ ማለትም አይቻልም።

ቢሆንም ንዴትህ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ኤቨርተን በመጋቢት ተከሶ በኅዳር ተቀጣ፤ ይግባኝ ሲል 10ሩ ወደ 6 ወረደ። ፕሪሚየር ሊጉ «መነሻው 6 ነጥብ ይሁን፣ በየ5 ሚሊዮኑ ደግሞ 1 ይጨመር» የሚል ስሌት ቢያቀርብም ኮሚሽኑ አልተቀበለውም። ኖቲንግሃም ፎረስት ደግሞ ከተፈቀደለት በ34.5 ሚሊዮን አልፎ፣ ቶሎ ስላመነና ስለተባበረ 4 ነጥብ ብቻ ተቀነሰበት። እኔን የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው። ጥፋቱ ሲፈጸም ዋጋው በየትም አልተጻፈም ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቁጥር ሁሉ ግምት ይመስላል።

ጥያቄ፦ አባቴ «ፊፋ በ2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹን በተንኮል በደላቸው» ይላሉ። እውነት ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አባትህ ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። ሰኔ 9 ቀን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን አዲስ አበባ በጭፈራ ስትናወጥ፣ ፊፋ ምርመራ መክፈቱን በዚያው ዕለት አሳወቀ። ተጫዋቻችን ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ መታገድ ሲገባው ሰኔ 1 ቀን ከቦትስዋና ጋር ተሰልፎ ነበር። ቦትስዋናን 2 ለ 1 ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተመዘገበ። ተንኮል ግን የለበትም፤ በእኛም በኩል ካርድ በቅጡ ሳይቆጠር ቀረ እንጂ ማጭበርበር አልነበረም። ደንቡ ግን አስበህበት ይሁን ረስተህ አይጠይቅም። በዚያው ማጣሪያ ኬፕ ቨርዴ ቱኒዚያን 2 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ፣ ቅጣት ላይ ያለ ተጫዋች በማሰለፏ ውጤቷ ተሰረዘና ቱኒዚያ ወደ መጨረሻው የማጣሪያ ዙር አለፈች። እኛ ቢያንስ ማዕከላዊ አፍሪካን ረትተን በዚያው ዙር ከናይጄሪያ ጋር ለመጫወት በቅተናል። ያማል፤ አድልዎ ግን አይባልም።

ጥያቄ፦ የጣሊያኑ ዩቬንቱስ በ2006 ወደ ሁለተኛው ሊግ ሲወርድ ተጫዋቾቹ ምን አጠፉ? (ከደሴ)

መልስ፦ ምንም። በስልክ ከዳኛ መዳቢዎች ጋር ሲመካከር የተደረሰበት ሥራ አስኪያጁ ሉቺያኖ ሞጂ ነበር። ክለቡን ሳይቀጡ ኃላፊውን ብቻ ማባረር ግን ተተኪውን ማደፋፈር ነው። በዚያው ቅሌት 8 ነጥብ የተቀነሰበት ኤሲ ሚላን በዚያው የውድድር ዘመን ሻምፒዮንስ ሊግን ማንሳቱ ነው እስካሁን ያልተዋጠልኝ።

ጥያቄ፦ የ18 ዓመት ልጄን አሰልጣኙ «15 ነኝ በል» ይለዋል። ቢነቃበት የሚቀጣው ማን ነው? (አንዲት እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እውነቱን ልንገርዎት፤ መጀመሪያ የሚጎዳው ልጅዎ ነው። ፊፋ በ2009 ናይጄሪያ ከተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። የአጥንቱ ማደጊያ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከታየ፣ ልጁ ከ17 ማለፉ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። የልደት ወረቀት ይቀየራል፤ አጥንት አይቀየርም። ልጁ ከዝርዝር ይሰረዛል፣ አሰልጣኙ ሌላ ታዳጊ ይዞ ይቀጥላል። ሥልጣኑ የእኔ ቢሆን ቅጣቱን ወረቀቱን ካስቀየረው አዋቂ እጀምር ነበር። ለልጅዎ 18 ዓመት ዕድሜው አልረፈደም፤ በእውነተኛ ዕድሜው የአንድ ክለብ ዋና ቡድን ሙከራ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሳይነኩት የሚወድቅ ተጫዋች በቪዲዮ ታይቶ ለምን አይቀጣም? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ ይቀጣል። እንግሊዝ በ2017 ጀምራዋለች፤ የኤቨርተኑ ኡማር ኒያስ ክሪስታል ፓላስ ላይ በማታለል ፍጹም ቅጣት ምት አስገኝቷል ተብሎ 2 ጨዋታ ታገደ። ጨዋታው ግን 2 ለ 2 እንደሆነ ጸና፤ ለፓላስ የተመለሰለት ነጥብ የለም።